የጎደለው ስልሳ ሰባት ቀን

ጥር 9 ቀን 2014

ትልቁ ሰርቨር አልተነሳም።

ጥር 9፣ ማታ

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕንፃው ማሞቂያ ከሐሙስ ጀምሮ አይሠራም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጸሐፊያችን ክሪስቲና ከቤቷ ያመጣችውን ስቱፌታ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ከጠረጴዛዋ ሥር ሰካች። ብሬከሩ ወረደ። መልሰን ስናነሳው አምፖሉ መጣ፣ ማተሚያው መጣ፣ የቡና ማሽኑ መጣ። ሰርቨሩ ቀረ። ከአራቱ ዲስኮች ሁለቱ ለመነሳት ይሞክሩና ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ድምፅ አሰምተው ዝም ይላሉ።

የማኅበራችን ኃላፊ፣ ጠበቃው አቮካቶ ኤቶሬ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«ኮፒ አለን አይደል?»

«አለን።»

«ሁለት ቦታ?»

«ሁለት ቦታ።»

ይህን መልስ ስምንት ዓመት ስሰጥ ኖሬያለሁ። ትልቁ ሰርቨር እዚህ ሮም መሀል ነው፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወደ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ቢሮ። ትንሹ ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር ነው፣ ጣሊያንኛ በምናስተምርበት ቤት ካንቲና፣ ከምድር በታች። ትልቁ በየሌሊቱ የያዘውን ለትንሹ ይገለብጣል። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ያሏቸውን ጥቂት ወረቀቶች ያመጣሉ፤ ስካን አድርገን ዋናውን እንመልሳለን። የኔ ሥራ ቅጂው እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው።

ነገ ትንሹን አስነሳለሁ፤ ነገሩ ያልቃል።

ጥር 10

ካንቲናው ውስጥ ነኝ። ትንሹ ደህና ነው። የመጨረሻው ፋይል የኅዳር 2 ነው። ኅዳር 2። ሁለቴ አየሁት።

ጥር 10፣ ማታ

ከኅዳር 2 እስከ ትናንት ስልሳ ሰባት ቀን ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተገለበጠ ምንም የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የትንሹ ዲስክ ሞልቷል። በምን እንደሞላ ለመጻፍ ዛሬ ደክሞኛል።

ጥር 11

ጥምቀት። አልሄድኩም።

ጥር 13

ስብሰባ። የሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ወረቀት ጎድሏል። ኤቶሬ ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ እየደረደረ «እንዴት ነው ሁለቱም ቦታ የጠፋው?» አለ።

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ክሪስቲና «ስቱፌታው የኔ ነው» አለች። «ብርድ ነበር። አስቤ አልሰካሁትም።»

ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው። እናቷ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ አባቷ የዚሁ አገር ሰው ናቸው። ጥፋት ሲመጣ ወደፊት መውጣት ከማን እንደተማረች አላውቅም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ልማድ የለም።

ኤቶሬ እሷን አየ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ እኔ አልተመለሰም። የጠየቀኝ የለም።

ብዙዎቹ ዋናው በእጃቸው ነው፤ ተጠርተው ደግመው ያመጣሉ። ስሙን ለሁለት ተካፈልን። በክሪስቲና ድርሻ ውስጥ የሻረግ የሚል ስም አየሁ።

«ይቺን እኔ እደውልላታለሁ» አልኩ።

«ግራትሲዬ፣ ጋሼ ዮሲ» አለችኝ። ጋሼ የምትለኝ ስትቀልድብኝ ነው፤ ዛሬ ግን አልቀለደችም።

ጥር 14

ለየሻረግ አልደወልኩም።

ባዳንቴ ናት፣ ሽማግሌ የምትጠብቅ። ሲኞራ ብሩና የሚባሉ አሮጊት ቤት ስድስት ዓመት አደረች። አሮጊቷ ዶማንዳ፣ የሕጋዊነት ማመልከቻ፣ አስገብተውላት ነበር፤ ተቀባይነት ካገኘ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ይሰጣታል፣ ከስንት ዘመን በኋላ አገሯ ሄዳ ትመለሳለች። ለዚያ፣ ሕጉ ከወሰነው ቀን በፊት እዚህ አገር እንደነበረች የሚያስረዳ ወረቀት ያስፈልጋል። አምስት ነበሯት። አራቱ ድጋፍ ናቸው። አምስተኛው ዋናው ነው፤ እጇ ተሰብሮ የታከመችበት የሆስፒታል ወረቀት፣ ስምና ቀን ማኅተምም ያለበት።

ኅዳር 20 ይዛቸው መጣች፣ በሩዝ ከረጢት ጠቅልላ። ክሪስቲና ስካን አደረገችላት። እኔ ሰርቨሩን አሳየኋት።

«እትዬ የሻረግ፣ ይሄ ሕንፃ እንኳ ቢቃጠል ወረቀትሽ ሌላ ቦታ አለ። ሁለት ቦታ ነው ያለው።»

ማሽኑን እንደ ላም ጀርባ መታ መታ አደረገችው። «እንዲህ ሞቆት እያደረ ምን ይሆናል» አለች።

ታኅሣሥ ላይ ሲኞራ ብሩና ሞቱ። በሦስተኛው ቀን የወንድማቸው ልጅ ሊዮናርዶ ቁልፉን አስለወጠ፤ ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርጎ የነበረውን ሁሉ ለቆሻሻ መኪና ሰጠ። ከረጢቷ እዚያው ነበር። የሻረግ ደውላ ነገረችኝ። አላለቀሰችም። «ቅጂው አንተ ጋ ባይኖር ኖሮ በሩን እሰብረው ነበር» አለችኝ።

ኅዳር 20። ትንሹ ከቆመ አሥራ ስምንት ቀን ሆኖታል።

ጥር 16

እሺ፣ ልጻፈው።

የኃይለመለኮት ልጅ የአርሴማ ሰርግ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነበር። ጋሽ ኃይለመለኮት የማኅበረሰባችን ሊቀ መንበር ናቸው። ሮም ስገባ ያሳደሩኝ እሳቸው፣ ለኤቶሬ ያስተዋወቁኝም እሳቸው። ቪዲዮውን ያነሱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከሽምግልናው እስከ መልሱ፣ አንድ ነገር ሳይቆረጥ። ጋሽ ኃይለመለኮት አንድ ሻንጣ ዲስክ ይዘው ቢሮ መጡ።

«ዮሲ፣ አዲስ አበባም ስቶክሆልምም ያለው ዘመድ እንዲያየው ካንተ ማሽን ላይ አስቀምጥልኝ። ለጊዜው ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ የቢሮ ነው።»

«ቢሮው የማን ነው? ቢሮው የኛው ነው እኮ።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። በሰርጉ ዕለት ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀምጠውኝ ነበር። አስቀመጥኩላቸው፤ ዲስኮቹ ተጠርገው ለቪዲዮ አንሺዎቹ ተመለሱ። በዚያው ሳምንት የወይዘሮ አበራሽ የልጅ ክርስትና መጣ፤ የሌላ ሰው ተዝካርም። ለአንዱ ካደረግህ ለሌላው እንዴት እንቢ ትላለህ? ትልቁ ሰፊ ስለሆነ ቻለው። ትንሹ ትንሽ ነው። ኅዳር 2 ሌሊት፣ ሌላውን ጨርሶ የሰርጉን መልስ ሲገለብጥ፣ ሦስተኛው ክፍል ላይ፣ ሞልቶ ቆመ።

ቶር ፒኛታራ ያለው ማሽን ላይ ሰርጉ አለ። የየሻረግ ወረቀት የለም።

ጥር 18

አንድ ነገር ትቻለሁ። ትንሹ ሲያቅተው ዝም አይልም፤ ኢሜይል ይልካል። በየቀኑ ንጋት ላይ ስልኬ ይጮህ ነበር። ጥቅምት ላይ ስለ ሌላ ተራ ነገር ሲጮህ ሰልችቶኝ፣ ከእሱ የሚመጣው ሁሉ ወደማልከፍተው ማኅደር እንዲገባ አድርጌው ነበር። ዛሬ ከፈትኩት። ከኅዳር 2 ወዲህ ያለው ስልሳ ሰባት ኢሜይል ነው። ሁሉም ያው አንድ መስመር፦ ቦታ የለም፣ ቅጂ አልተወሰደም።

ጥር 19

ትንሹን አጸዳሁ። ቦታ ያስፈልገዋል፤ ማንም ባለሙያ ይህንኑ ያደርግ ነበር። ሰርጉን፣ ክርስትናውን፣ ተዝካሩን አጠፋሁ። ቅጂው መቼና ለምን እንደቆመ የሚያሳየውን የማሽኑን መዝገብም፤ ያረጀ መዝገብ አይጠቅምም።

ከማጥፋቴ በፊት ሰርጉን እቤት ወዳለ ዲስክ ገለበጥኩት። መከፈቱንም አረጋገጥኩ። ለየሻረግ ወረቀት ያላደረግኩትን።

ጥር 21

የትልቁን ሁለት ዲስኮች ወደ ሚላኖ ላክናቸው። ከሞተ ዲስክ የሚያወጡ ሰዎች አሉ።

የሻረግ ደወለች። አነሳሁ። «እየሠራንበት ነው» አልኩ። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ጥር 25

ኤቶሬ አንድ ገጽ ሪፖርት ጠየቀኝ። ጻፍኩለት። «መረጃው የጠፋው ጥር 9 ቀን በደረሰ የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው» ይላል። «መቋረጡ የደረሰው ያልተፈቀደ ማሞቂያ በመሰካቱ ነው» ይላል። «ሁለተኛው ማሽን በቦታ ጥበት ምክንያት ሙሉ ቅጂ አልያዘም» ይላል። አሥራ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። አንድ በአንድ አነበብኳቸው። አንዱም ውሸት የለበትም።

ፈረምኩ።

ጥር 28

ከሚላኖ መልስ መጣ። ምንም።

የካቲት 1

የማኅበሩ ቦርድ እስኪወስን ክሪስቲና እቤቷ እንድትቆይ ተነገራት። ዕቃዋን በአንድ ካርቶን አድርጋ ወጣች። ስቱፌታውን ይዛ አልሄደችም። የሥራ ስልኳን ከነቻርጀሩ ጠረጴዛው ላይ ትታለች፣ ሽቦውን አጣጥፋ።

ኤቶሬ «የይለፍ ቃሏን ዝጋ፣ ስልኩን አጽዳና ለሚመጣው ሰው አዘጋጅ» አለኝ።

ከወጣች ከሩብ ሰዓት በኋላ ደወለች። አላነሳሁም። ደገመች። ሠለሰች። ምን ልበላት? መልእክትም ላከች፤ ሳልከፍት አጠፋሁት። ወቀሳ ማንበብ አልፈለግኩም።

ስልኩን ማጽዳት ሁለት ደቂቃ ፈጀ።

የካቲት 8

የሻረግ ቢሮ መጣች። ከሲኞራ ብሩና ቤት ከወጣች ወዲህ ከአንዲት የአገሯ ልጅ ጋር ቶር ፒኛታራ ናት፣ ከኔ ሁለት መንገድ ማዶ። በአውቶቡስ እንዳልገናኛት ትሬኒኖውን፣ ትንሿን የከተማ ባቡር፣ እይዛለሁ። ይህን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት።

የቀጠሮ ወረቀት ይዛለች። መጋቢት 6፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል።

«ያቺ ቀይ ልጅ የት ሄደች?»

«ፈቃድ ላይ ናት።»

«መልካም ልጅ ናት። ወረቀቴን ለዚህ ቀን ታወጣልኛለህ?»

«አሎራ፣ እስከዚያ ጊዜ አለ እትዬ።»

«አንተ ካልክ አለ።»

ከቦርሳዋ ሁለት ማንዳሪን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። አሁንም እዚያው ናቸው።

የካቲት 12

ጋሽ ኃይለመለኮት ተርሚኒ አጠገብ ካለው የሐበሻ ባር አስጠሩኝ። ዲስኩን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ተነስተው አቀፉኝ።

«ቢሮው ላይ የደረሰውን ሰማን። ወይ ጉድ። ሰው ሁሉ ወረቀቱን አጣ አሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

«የአርሴማ ሰርግስ?»

«ተርፏል።»

እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። አመሰገኑ። ለባሩ ሁሉ ሰው «ይሄ ልጅ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» አሉ። ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነው። ቢራ ቀረበልኝ፤ ጠጣሁት።

ጎን የተቀመጠ አንድ የማላውቀው ሰው «ክልሷ ናት አሉ ያቃጠለችው» አለ። ሌላው «ምን ታድርግ፣ ስቱፌታ የለመደች ናት» አለና ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። እዚህ ላይ ልዝለለው ብዬ ነበር።

የካቲት 15

ጋሽ ኃይለመለኮት ደወሉ። መልሱ ሦስተኛው ክፍል ላይ ይቆማል። የሳቸው ንግግር ያለው አራተኛው ላይ ነው። ቅር ብሏቸዋል።

የካቲት 22

ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከሥራ ስወጣ ክሪስቲና ከትሬኒኖው መነሻ ቆማ አገኘኋት። መሸሻ አልነበረም። ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

«ስልክ አታነሳም» አለችኝ።

«ሥራ በዝቶ...»

«ስለ እኔ አልነበረም እኮ። የዚያች ሴትዮ ወረቀት፣ የየሻረግ። የዚያን ቀን ስካነሩ ስለተንቀራፈፈ መጀመሪያ በስልክ አንስቻቸው ነበር። አምስቱንም። ሜትሮ ውስጥ ስገባ ነው ትዝ ያለኝ። ስልኩን እንዳትነካው ልልህ ነው የደወልኩት። ጽፌልሃለሁ። አገኘሃቸው?»

ባቡሩ ገባ። ሰው ወረደ። ሌላ ሰው ተሳፈረ።

«ዮሲ፣ አገኘሃቸው?»

«ስልኩ ጸድቷል።»

«መቼ?»

«ያኑ ዕለት።»

ፊቷን ወደ ሐዲዱ አዞረች። ከዚያ በጣሊያንኛ አንድ ነገር አለች፤ ለኔ አልነበረም።

«ቫ ቤኔ። ሆስፒታሉ አለ። እሷ ራሷ ሄዳ ፈርማ ከጠየቀች ከመዝገቡ ገልብጠው ይሰጧታል። ለሌላ ሰው አይሰጡም። ሠላሳ ቀን ይወስዳል። ያኔ በጥር ስትደውልላት ነግረሃታል አይደል? እስካሁን ይደርስላት ነበር።»

«ነግሬያታለሁ» አልኩ።

ይህኛው ውሸት ነው።

የካቲት 22፣ ሌሊት

መጋቢት 6 ሊደርስ አሥራ አራት ቀን ቀርቶታል። ወረቀቱ ሠላሳ ቀን ይፈጃል። ጥር 10 ብነግራት ኖሮ የካቲት አጋማሽ ሳይደርስ በእጇ ነበር። ጥር 21 ስትደውል ብነግራት ይደርስ ነበር። የካቲት 1 ስልክ ባነሳ ሠላሳ ቀንም ባላስፈለገ። የካቲት 8 ማንዳሪን ይዛ ስትመጣ ብነግራት ሁለት ቀን ቢያልፍ ነው፤ ለሁለት ቀን ይለመናል።

ማሽኑ አንድ ጊዜ ነው የጠፋበት። እኔ ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁባት ለመቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

አሁንም ብነግራት ይሻላል። ቢያንስ ማመልከቻውን ፈርማ የጠየቀችበትን ደረሰኝ ይዛ ትቀርባለች፤ አንዳንዱ ሠራተኛ ያንን ተቀብሎ ቀን ይጨምራል ይላሉ። ነገ።

የካቲት 24

ነገ።

የካቲት 26

ከቤቷ በር ድረስ ሄድኩ። ከሦስተኛው ፎቅ ሬዲዮ ይሰማል። ደወሉ ላይ ስሟ የለም፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው ስም ነው። ይህንን ሰበብ አድርጌ ተመለስኩ።

መጋቢት 1

እሷ ደወለች። ኮት ተውሳለች። «ጥቁር ነው፣ ለቀብር ያስመስለኝ ይሆን?» አለች። «ያምርብሻል» አልኩ። ሳላየው።

መጋቢት 3

ቦርዱ ወሰነ። ክሪስቲና ትሰናበታለች። ኤቶሬ ደብዳቤውን ሲጽፍ አስጠርቶኝ፣ ያንተን ሪፖርት አያይዤዋለሁ አለኝ።

«ጠንከር ያለ ባለሙያዊ ጽሑፍ ነው። ያለሱ እንዲህ በቀላሉ አንጨርሰውም ነበር።»

«ስለ ሁለተኛው ማሽን ያለውን አንብበኸዋል?»

«የቱን?»

«የቦታ ጥበት የሚለውን።»

«አዎ፣ አዲስ እንገዛለን» አለ፤ ስልኩ ጠራ፤ እጁን አወዛወዘልኝ።

ወጣሁ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

መጋቢት 5፣ ሰኞ

ፖስታ ቤት። ኤቶሬ የላከኝ የክሪስቲናን ደብዳቤ በራኮማንዳታ እንዳስመዘግብ ነው። ፖስታው ወፍራም ነው፤ ውስጡ ሁለት ወረቀት አለ፣ የሱና የኔ። ቁጥሬ 112። ሰሌዳው ላይ 94። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ።

97። የፊቴ አሮጊት ከሠራተኛዋ ጋር ይከራከራሉ።

101። ነገ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ሆስፒታሉ ማመልከቻ የሚቀበለው እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት እንደሆነ በጠዋት ደውዬ ጠይቄያለሁ። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። አሁን አራት ሰዓት ከሃያ ነው።

104። የሻረግ ደወለች። አነሳሁ።

«ዮሲዬ፣ የት ነህ?»

«ፖስታ ቤት።»

«አሎራ ስትጨርስ ቢሮ ልምጣ? ወረቀቱን ዛሬ ልያዘው። ነገ በጥድፊያ እንዳይሆን።»

«ቢሮ አትምጪ።»

«ለምን?»

ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። የሚያየኝ አልነበረም።

«እቤት ነሽ?»

«ገና ጸጉሬን እየሠራሁ ነው።»

«እዚያው ቆይኝ። ፓስፖርትሽን አዘጋጂ። አብረን የምንሄድበት አለ።»

«ወዴት?»

«ስመጣ እነግርሻለሁ።»

ድምፅዋ ወረደ። «ሁለት ቦታ ነው ብለኸኝ የለ?» አለች።

ዘጋሁት፤ ወይም እሷ ዘጋችው።

109። ሪፖርቱ ውስጥ አሥራ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። አሥራ ሁለተኛውን ለኤቶሬ ማን ይነግረዋል?

111።

ቁጥሬ ተጠራ። ሠራተኛዋ አንገቷን አውጥታ ታያለች። ደገመችው። ፖስታው ብብቴ ሥር ነው። በሩ በግራ በኩል ነው፤ ደብተሩን ዘግቼ ወደዚያ እሄዳለሁ።